እርማት፦ ቀለምና ቁጥር ብቻ ኤስዲ40 አያደርግም

«የኤስዲ40-2 የባቡር ሞዴል (አነስተኛ ቅጂ) ቀለሙና ቁጥሩ ከተቀየረ ኤስዲ40 ይሆናል፤ ልዩነታቸው የኤሌክትሪክ ክፍሉ ብቻ ነው» የሚለው አስተያየት በሰፊው ቢነገርም ትክክል አይደለም። ሁለቱም ባለ3000 የፈረስ ጉልበት የአሜሪካ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች (የባቡር መጎተቻዎች) ናቸው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1972 የመጣው ኤስዲ40-2 ከ1966ቱ ኤስዲ40 በ93 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚረዝም፣ የሞተሩ መሸፈኛ ግን ብዙም ስላልተለወጠ፣ ትርፉ ርዝመት ከፊትና ከኋላ ባሉት ክፍት መድረኮች ላይ ጎልቶ ይታያል። በ1፡87 ልኬት (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰ ሞዴል) ልዩነቱ ወደ 11 ሚሊሜትር ስለሚጠጋ፣ ለዓይን የማይሰወር በመሆኑ፣ መድረኮቹን ቆርጦ ማሳጠር ግድ ነው። ቦጊውም (መንኮራኩሮቹን የያዘው የታችኛው ክፍል) መቀየር አለበት፤ ኤስዲ40 የሚቆመው ፍሌክሲኮይል በሚባለው የቦጊ ዓይነት ላይ ሲሆን ኤስዲ40-2 በአብዛኛው ኤችቲ-ሲ በሚባለው ላይ ነው። «በአብዛኛው» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአሜሪካው የባቡር ኩባንያ ኮንሬይል የገዛቸው አንዳንድ ኤስዲ40-2ዎች ፍሌክሲኮይል ነበራቸው።