«ምን ወስደሽ ነው?»

ባለፈው እሑድ የዕቁባችን ተረኛ በሆነችው ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ ለዚያ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ የምትጋግረው ሴት ትኩስ እንጀራ በሰፌድ ይዛ ሳሎን ገባች። ባለቤቲቱ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና በእውነተኛ ቅናት፣ «አንቺ! እንዴት እንዲህ ከሳሽ? ታድለሽ! ምን ወስደሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሰፌዱን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «ዘይቱ ነው እትዬ» አለች። ወዳጃችን ስልኳን አነሣች፤ የዘይቱን ስም ልትጽፍ ነው። «የምን ዘይት? የወይራ ነው የጥቁር አዝሙድ?» «ኧረ የወጡ ዘይት ነው፤ ከተወደደ ወዲህ ትቼዋለሁ።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔማ ከሁሉም አብልጬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን ሳቁ ወደ ንዴት ተለወጠብኝ። ሁለቱም ሴቶች በዚህ ዓመት ከስተዋል፤ አንደኛዋ ለመክሳት በየወሩ ለጂምና ለአሠልጣኝ የምትከፍለው ገንዘብ፣ ሌላይቱ እንዳትከሳ ያጣችው ገንዘብ ነው። ሁለቱን ሚዛን ላይ ብናወጣቸው ልዩነታቸው ከሁለት ኪሎ አይበልጥም። ሆኖም የአንደኛዋ ክሳት «ራሷን ትጠብቃለች» ሲያሰኝ፣ የሌላይቱ «ኑሮ አጎሳቆላት» ያሰኛል፤ እሑድ ዕለት የሆነው ነገር ወዳጃችን ለአፍታ ሁለቱን ማምታታቷ ብቻ ነው።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር «ከስተሻል» የሚለው ቃል ምስጋና ሆኖ አያውቅም። ቃሉ ሲነገር ድምፅ ዝቅ ይላል፣ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ይከተለዋል። «ወፈርሽ» የተባለች ሴት ግን አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈገግ ትል ነበር፤ ተመችቷታል፣ ጎተራዋ ሙሉ ነው ማለት ነውና። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኀብ ያየ ሰው፣ አጥንቱ የሚቆጠር ገላ ውበት ነው ቢሉት፣ እንደ ሟርት ቆጥሮ «በስመ አብ» ይል ነበር እንጂ ምን ወስዳችሁ ነው ብሎ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂሜን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ሸንበቆ የመሰልሁ ልጅ ነበርሁና፣ የእናቴ ታናሽ እኅት ጉዳዩን የቤተሰብ ውርደት አድርጋ ያዘችው። በየማለዳው፣ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ አብሽ በማር መትታ አንድ ጣሳ ሙሉ ታስጨልጠኝ ነበር። አብሽ ያዘወተረ ሰው ላቡ ሳይቀር አብሽ አብሽ ይሸታል፤ ዴስክ የምትጋራኝ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ቦታ ቀየረች። አንድ ቀን አልቅሼ ለምን እንደምትግተኝ ብጠይቃት፣ አክስቴ፣ «ሰው ሲያይሽ እኮ ቤታችን የሚበላ የጠፋ ነው የሚመስለው» አለችኝ። ስለ መልክ በዕድሜዬ ከተነገረኝ ሁሉ እውነቱ ይኸው ብቻ ነው፤ ለካ እኔ የቤተሰቡ የጎተራ ማስታወቂያ ኖሬአለሁ! አብሹም ሥራውን አልዘነጋም፤ የሠራው ግን ዘግይቶ፣ በአርባዎቹ ዕድሜዬ፣ ውፍረት ከገበያ ከወጣ በኋላ ነው።

አክስቴን ብቻዋን መኰነን ደግሞ ተገቢ አይሆንም። በሞሪታንያ «ለብሉህ» የሚባል ልማድ አለ፤ ልጃገረዶች ለጋብቻ እንዲደርሱ ወተት በገፍ እየተጋቱ በግድ ይወፍራሉ፤ በበረሓ አገር የሴት ልጅ ስብ የአባቷን መንጋ ብዛት ይናገራልና። በእኛው ደቡብ ኦሞ የቦዲ ሕዝብ ዘንድ ግን፣ ለካኤል በዓል የከብት ደምና ወተት እየጠጡ ለወራት የሚወፍሩት ወንዶቹ ናቸው፤ በበዓሉም ከሁሉ የወፈረው ይከበራል። አክስቴ ቦዲ ብትወለድ ኖሮ አብሹን የሚጨልጠው ወንድሜ በሆነ፣ እኔም ዛሬ ሰላም ባገኘሁ።

ወደ ራሳችን ሙገሳ እንመለስ። የጥንት ሰዎቻችን ቆንጆን ሴት «ተረከዘ ሎሚ» ይሏታል። ሲሰሙት ግጥም ነው፤ ነገር ግን ተረከዟ እንደ ሎሚ የለሰለሰ ሴት ማን እንደሆነች እስኪ አስቡ። እንስራ አዝላ ወንዝ የማትወርድ፣ ጭራሮ የማትለቅም፣ በባዶ እግሯ ኮረኮንች የማትረግጥ ናት፤ ይህም ማለት ይህን ሁሉ የሚሠራላት፣ የራሱ ተረከዝ ግን እንደ በጋ መሬት የተሰነጣጠቀ ሌላ ሰው ያላት ናት። «አንገተ ብርሌ»ም እንደዚሁ ነው። ብርሌ የጠጅ መጠጫ ነው፣ ጠጅም በዚያ ዘመን የጌቶች መጠጥ ነበር፤ የሴትን አንገት በጠላ ጣሳ የመሰለ አዝማሪ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። የቁንጅና መዝገባችን ገለጥ ሲደረግ ውስጡ የንብረት ቆጠራ ነው።

አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. የቆረቆሩት እቴጌ ጣይቱ ስማቸው ፀሐይ፣ ማዕረጋቸውም «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ነበር። የዘመናቸው ወይዛዝርት ግን ከእውነተኛይቱ ፀሐይ ሲሸሹ ነው የኖሩት፤ መንገድ ሲወጡ በበቅሎ፣ ፊታቸውን ተከናንበው፣ ጥላ ተይዞላቸው ነበር። ፀሐይ የሚመታው አራሽና ውኃ ቀጂ ነውና፣ «ቀይ» መባል ስለ ቆዳ ከመናገሩ በፊት ስለ ጥላ ይናገር ነበር። እቴጌይቱ በፎቶግራፎቻቸው ላይ ሞላ ያሉ፣ ግርማ የተላበሱ ሴት ናቸው። በዚያው ግርማ ዛሬ ቦሌ ላይ ብቅ ቢሉ፣ ከተማው የእርሳቸው መሆኑን የማታውቅ አንዲት ወጣት የጂም በራሪ ወረቀት በእጃቸው ታስጨብጣቸዋለች።

ስለ ቅላት ካነሣሁ የሠርጌን ፎቶ አንሺ ሳልጠቅስ ብቀር ይቆጨኛል። እኔ ጠይም ነኝ፤ አልበሙ ሲመጣ ግን ከሙሽራው ጎን ዱቄት የተነፋባት አንዲት እንግዳ ሴት ቆማለች። ያቺው አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ሦስት ገጽ ከገለጠች በኋላ «ሙሽራይቱስ የታለች?» ብላ ጠየቀች። ፎቶ አንሺው ግን፣ «እንዲያምር ብዬ እኮ ነው፤ ለዚያ አላስከፈልሁም» አለኝ፣ ምስጋና እየጠበቀ። ፈረንጆቹም ለዘመናት እንዲሁ ነበሩ፤ ገበሬው በማሳ ሲከስል ወይዛዝርቱ ለመንጣት እርሳስ ያለበትን ቅባት ፊታቸውን ይቀቡ ነበር። ድኻው ከማሳ ወጥቶ ፋብሪካ ጣራ ሥር ገብቶ በነጣ ጊዜ ግን ሀብታሙ ከባሕር ዳርቻ ጠቁሮ መመለስ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንደ ፓሪሷ ልብስ ነዳፊ ኮኮ ሻኔል ያሉ ሰዎች በፀሐይ መጠየምን ፋሽን አደረጉት።

እኔ የምወደው አንድ ተረት አለ፤ «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ይላል። አባቶች ይህን ሲተርቱ ምሳሌ የሚናገሩ መስሏቸው ነበር። የዛሬ ማቅያ ክሬሞች፣ አንዳንዶቹም ሜርኩሪ ያለባቸው፣ ተረቱን ቃል በቃል ፈጸሙት። ገንዘብ ያላት ሐኪም ቤት ገብታ በባለሙያ ትላጣለች፤ የሌላት ከሱቅ የገዛችውን ስም የለሽ ቱቦ ቀብታ ትላጣለች፣ ጉንጯ ላይ ቀይ፣ ጉልበቷ ላይ ጥቁር ሆና ትቀራለች፤ ከዚያ በኋላ ያቺው በባለሙያ የተላጠችው «ምን ነካት? በተፈጥሮዋ አትኮራም እንዴ?» ትላለች። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ስሰማም ሻዬን አስቀምጬ ወጥቻለሁ።

ንቅሳትንም ተመልከቱ። የእናቶቻችን አንገት በንቅሳት የተዋበ፣ ድዳቸውም ጥርሳቸውን እንዲያነጣላቸው በመርፌ የጠቆረ ነበር። ከገጠር ከተማ ሲገቡ «ባላገር» እንዳይባሉ አንገታቸውን በሻሽ ሸፈኑ፤ አቅም ያገኙት ደግሞ በሌዘር አስጠፉ። አሁን የልጅ ልጃቸው ገንዘብ ከፍላ፣ ቀጠሮ አስይዛ፣ እዚያው አንገቷ ላይ ትነቀሳለች፤ ስሙ «ታቱ» ስለሆነ ባላገር የሚላት የለም። መርፌው መርፌ ነው፣ ሕመሙም ያው ነው። ጥቁር ጤፍም ይህንኑ መንገድ ሄዷል፤ ትናንት የአሽከርና የወታደር እንጀራ ነበር፣ ዛሬ «አይረን አለው» እየተባለ ማኛ ያሳደጋቸው ሰዎች ገበታ ላይ ይቀርባል። እሑድ ዕለት በሰፌድ የመጣው እንጀራም ጥቁር ነበር።

ድኻው አንድ ነገር ላይ በደረሰ ቁጥር ቁንጅና ዕቃዋን ጠቅልላ ሰፈር ትቀይራለች። ጫፉ ላይ ያለው የመጨረሻው ሰፈር የማክሻው መርፌ ነው። ኦዘምፒክ እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለስኳር ሕመም ነበር፤ ያው መድኃኒት በ2021 በሌላ ስም ለክብደት መቀነሻ ተፈቀደ፣ በማግሥቱም ዓመት የእጥረት መዝገብ ውስጥ ገባ። ድሮ ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ቫይታሚንና የስፖርት ጫማ ነበር የምናስመጣው፤ ዛሬ፣ መርፌው ሳይሞቅ መጓዝ አለበትና፣ በዕቁባችን ውስጥ «በረዶ ይዞ የሚመጣ ሰው አለሽ?» የሚል ሹክሹክታ አለ። ምግብ ገዝቶ፣ ምግብ እንዳያሰኝ የሚያደርግ መድኃኒት ደግሞ መግዛት፣ ከብልጽግና ምልክቶች ሁሉ የላቀው ሳይሆን አይቀርም። አክስቴ ይህን ሳትሰማ ማረፏ ደግ ሆነላት።

እንጀራ የምትጋግረውን ሴት ረሳኋት። የሚመጣው ዕቁብ እኔ ቤት ስለሆነ ትናንት ደወልሁላትና ሃያ እንጀራ አዘዝኋት። «ሃያ?» ብላ ሳቀች፤ «ስድስት ይበቃል እትዬ። ባለፈው እኮ ከሃያው አሥራ አራቱን መልሰው ለእኔው ነው የሰጡኝ።» ሃያ ይሁን አልኋት፤ ዘይቱንም እኔ እንደምገዛ ነገርኋት። ሁለቱን እንጀራ እኔ ብቻዬን እንደምበላ ግን አልነገርኋትም።