እርማት፦ ታሚል ሁሉ ሂንዱ አይደለም

ወንድማችን፣ በስሪላንካ ስለሚኖረው የታሚል ብሔረሰብ «የስሪላንካ ታሚሎች በሙሉ ሂንዱ ናቸው» ያሉት ብዙ ሰው የሚደግመው ስህተት ነው። በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ያለውን የማናር አውራጃ ይመልከቱ። ነዋሪው በአብዛኛው ታሚል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012ቱ ቆጠራ ግን ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ካቶሊክ ነው። የትናንት እምነትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1544 በሰሜን ስሪላንካ የነበረው የጃፍና መንግሥት ንጉሥ ወደ 600 የሚጠጉ የማናር ክርስቲያኖችን አስገድሏል፤ ሃይማኖቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። እዚያው ማናር በማዱ ደን ውስጥ ያለችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 9 ስትነግሥ ታሚሉም፣ በአገሪቱ በቁጥር የሚበልጠው ሲንሃላውም ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ፣ ድንኳን ተክሎ እዚያው ያድራል።

ታሚልኛ የሚናገሩት ሙስሊሞች ደግሞ በቆጠራው «ሙር» ተብለው ለብቻቸው ይመዘገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ለታሚሎች የተለየ አገር ይሹ የነበሩት የታሚል ታይገር ተዋጊዎች ከማናር ያባረሩት እነሱን ነው። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ሁልጊዜ ሲዘለል ያሳዝነኛል።

«አውራጃውን የሚመራው ሕዝቡ የመረጠው ሰው ነው» ያሉትም መታረም አለበት። አውራጃውን የሚያስተዳድረው «የአውራጃ ጸሐፊ» የሚባል፣ በማዕከላዊው መንግሥት የሚሾም ሠራተኛ ነው፤ ከሥሩ 5 ንዑሳን ጽሕፈት ቤቶች አሉ። ሕዝቡ ለከተማና ለገጠር ምክር ቤቶችና ለፓርላማ ድምፅ ይሰጣል፤ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2013 ድምፅ ሰጥቷል።