ማስተካከያ፦ የዳኛ ቲም ፒል ንግግር ቂምን አያሳይም
ስለ በረዶ ሆኪ ዳኞች ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ፣ ቲም ፒል በናሽቪል ፕሬዳተርስ ቡድን ላይ ቂም ይዞ ቅጣት እንደሰጠ መግለጻችን ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2021 ናሽቪል ከዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ጋር ሲጫወት ሳይዘጋ በቀረ ማይክሮፎን የተሰማው፣ ጥፋቱ ይህን ያህል ባይሆንም ናሽቪልን ገና በጊዜ መቅጣት ፈልጎ እንደነበር ሲናገር ነው፤ ይህም ጨዋታን በፊሽካ የማመጣጠን ልማድን ያመለክታል (ነውርነቱ አያንስም) እንጂ የቆየ ቂምን አያስረዳም። የሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ (NHL) በማግስቱ ከዳኝነት ያሰናበተው ፒል፣ በቀጣዩ ወር ጡረታ ሊወጣ አስቀድሞ ወስኖ ነበር።

የቂም ክስ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2010 በሌላ ዳኛ ላይ ነው፤ የቫንኩቨር ቡድን ተጫዋቹ አሌክስ በሮውስ ዳኛ ስቴፋን ኦዤን «ተበቀለኝ» ብሎ ሲከስ፣ ሊጉ ክሱን የሚያረጋግጥ ነገር አላገኘሁም በማለት ተጫዋቹን 2,500 ዶላር ቀጥቶታል። ሁለቱን ጉዳዮች ያቀላቀልነው እኛ ነን።