የቡታን ችግር ዋጋው አይደለም፣ አቆጣጠሩ ነው

ቡታን ልሂድ ያለን ሰው መጀመሪያ የሚያስደነግጠው የሂማላያ ከፍታ ሳይሆን ሂሳቡ ነው። ጎብኚ ከሆቴልና ከምግብ ውጪ ለእያንዳንዱ ሌሊት 100 ዶላር ለመንግሥት ይከፍላል። ከኮቪድ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 ድንበሩ ሲከፈት 200 ነበር፤ በዓመቱ በግማሽ ቀነሱት። ህንዶች ግን የሚከፍሉት በጣም ያነሰ ነው። «ይሄማ ዘረፋ ነው» የሚል ብዙ ነው። እኔ አልልም።

ፎብጂካን ተመልከቱ። ድንች የሚመረትበት ሸለቆ ነው፤ መሃሉ ረግረግ። የብርዱ ወቅት ሊገባ ሲል ክሬን የሚባሉ፣ ጥቁር አንገት ያላቸው ረጃጅም ወፎች ከቲቤት ተነስተው እዚያ ይከርማሉ። ሲመጡም ሲሄዱም የጋንግቴይን ገዳም ሦስት ጊዜ ይዞሩታል ይላል የአገሬው ሰው። (ቆጥሮ ያረጋገጠ ካለ ይንገረን።) ለሸለቆው መብራት ሲገባ፣ ወፎቹ ከሽቦ ጋር እንዳይላተሙ ገመዱ መሬት ውስጥ ተቀበረ። ሕገ መንግሥቱም ከአገሩ ቢያንስ 60 በመቶው ምንጊዜም ደን ይሁን ይላል። ይሄ ሁሉ በነጻ አይመጣም፤ ጎብኚው ቢያዋጣ ምን አለበት?

የማይዋጥልኝ ክፍያው በየሌሊቱ መቆጠሩ ነው። ሜትሩ እየሮጠበት ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው፣ ጎብኚው ልቡ አያርፍም። አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ፓሮ ይደርሳል። ገደል ላይ የተለጠፈውን ታክትሳንግ ገዳም ይወጣል፤ አሸተን ማርያምን የወጣ ድካሙን ይገምተዋል። ዋና ከተማቸው ቲምፉ ላይ ታኪን ያያል፤ የፍየል ራስ በላም ገላ ላይ የተተከለበት የሚመስል ብሔራዊ እንስሳቸው ነው። ከዚያ ውልቅ! በደቡብ፣ ማናስ ፓርክ ያለውን የእኛ ጉሬዛ ዘመድ፣ ወርቃማውን ላንጉር ብቅ እስኪል ማን ይጠብቀው? የዱር እንስሳ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም።

ገበሬ ቤት ማደርም አለ። ድንጋይ በእሳት አግለው የእንጨት ገንዳ ውስጥ ይከቱታል፣ ውሃው ይንጨረጨራል፣ ገብተው ይዘፈዘፋሉ። የዚያ ክፍያ በቀጥታ ባለቤቱ እጅ ይገባል። ግን አንድ ሌሊት በተጨመረ ቁጥር 100 ዶላር ለመንግሥት ካለ፣ ስንቱ ይጨምራል?

መንግሥትም ነገሩ አልጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2023 አጋማሽ ላይ የአራት ቀን ለከፈለ አራት ቀን በነጻ ይጨምር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተወው። እኔ ብሆን ክፍያውን አንዴ መግቢያ ላይ፣ ከፍ አድርጌ አስከፍልና ሰውየውን ለሦስት ሳምንት እለቀዋለሁ። መጨናነቅ ከተፈራም በዓመት የሚገባውን ሰው ቁጥር መወሰን ይቻላል።