የኢሊያ ሙሮሜትስ አጥንት ምን ያስረዳል?

ክርክሩ የተነሣው ሩሲያውያን በቃል በሚያዜሟቸው ግጥሞች በሚያወድሱት የጥንት ጀግና በኢሊያ ሙሮሜትስ ነው። ሦስቱም ተከራካሪዎች ነገሩን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ያልተስማሙት ሰውዬው በእውነት ነበር ወይ በሚለው ላይ ነው።

ወጣቱ ጀመረ። «አጽሙ ኪየቭ፣ በፔቸርስክ ገዳም ዋሻ ውስጥ አለ። ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1643 ከቅዱሳን ቆጥራዋለች። በ1988 ባለሙያዎች አጽሙን ሲመረምሩ ቁመቱ 177 ሴንቲ ሜትር፣ ዕድሜው ከ40 እስከ 55፣ እጁና ደረቱ የጦር ቁስል ያረፈበት፣ አከርካሪውም ሕመም የነበረበት ሰው ሆኖ አገኙት። የሚዘፈንለት ኢሊያስ? ሙሮም አጠገብ ካራቻሮቮ የምትባል መንደር የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፤ እጅ እግሩ አልታዘዝ ብሎት 33 ዓመት ምድጃ ላይ ተቀመጠ። ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?»

(ምድጃ ሲባል የኛን ጉልቻ የሚያስብ ይኖራል። የሩሲያ ገበሬ ምድጃ በጡብ የተገነባ፣ ላዩ ጠፍጣፋ፣ በብርድ ጊዜ የሚተኛበት ነው።)

ጋሼ ሳቁ። «ወገቡን ያመመው መነኩሴ ሁሉ ኢሊያ ሊሆን ነው? ይልቅ የጽሑፉን ቅደም ተከተል እይ። በ1594 የንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ 2ኛ መልእክተኛ ኤሪክ ላሶታ ኮሳኮች ወደሚባሉት የሜዳ ጦረኞች ሲሄድ በኪየቭ አለፈ። የኢሊያን መቃብር ያገኘው ዋሻው ውስጥ አይደለም፤ በቅድስት ሶፍያ ካቴድራል ነው፣ ያውም ፈርሶ። ዋሻው ገዳም ሲገባ ደግሞ ሌላ ግዙፍ ሰው አሳዩት፣ ስሙ ቾቦትካ። ይህ ሰው ቦት ጫማውን ሲያጠልቅ ጠላት ድንገት ደረሰበት፤ አንዱን አድርጓል፣ ሁለተኛው ገና እጁ ላይ ነው። ሌላ መሣሪያ ስላልነበረው በዚያው በጫማው ደብድቦ ጣላቸው። እንግዲህ ለላሶታ ሁለት መቃብር፣ ሁለት ሰው ነው። ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ1638፣ የገዳሙ መነኩሴ አፋናሲ ካልኖፎይስኪ ተነሥቶ ሕዝቡ ቾቦቶክ የሚለው የዋሻው ሰው፣ ያው ቾቦትካ፣ ቅዱስ ኢሊያ ነው ብሎ ጻፈ። ሁለቱን አንድ ያደረጓቸው በዚህ መሀል ነው።»

«የሶፍያው መቃብር ሲፈርስ አጽሙ ወደ ዋሻው ተዛውሮ ቢሆንስ?»

«ቢሆንስ ማለትማ ቀላል ነው። ማን ጻፈው?»

ወጣቱ እጅ አልሰጠም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የጀርመኖቹ «ኦርትኒት» የተባለ ታሪካዊ ግጥም ውስጥ «የሩሲያው ኢሊያስ» የሚባል ጦረኛ እንዳለ አስታወሳቸው። ጋሼ እዚህ ላይ ትንሽ ለዘብ አሉ፤ ስሙ ጥንታዊ መሆኑን ተቀበሉ፣ ከስም አልፎ አጥንት ድረስ መሄድን ግን እምቢ አሉ።

እስከዚያ ዝም ብላ የቆየችው ሦስተኛዋ «ሁለታችሁም መቃብር ቆፋሪዎች ናችሁ» አለቻቸው። «የምትከራከሩበትን ሰው ያቆዩት በሰሜን፣ በኦኔጋ ሐይቅ ዙሪያ የነበሩ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በ1871 ክረምት የሕዝብ ግጥም ሰብሳቢው አሌክሳንደር ሂልፈርዲንግ እዚያ ሄዶ በሁለት ወር ገደማ 318 ግጥም ጽፏል። ያስቸገረው ነገር ምን ነበር? ባለግጥሙ እንዲጻፍለት ቀስ ብሎ በቃል ሲናገር ስንኙ ይፈርሳል፤ ቤት የሚሞሉት ትንንሽ ቃላት ይወድቃሉ፣ ምቱ ይጠፋል። ስለዚህ እያዜሙለት፣ እያስደገመ ጻፈ። ከነዚያ ከዘመሩለት አንዱ ትሮፊም ርያቢኒን ነው። በሱ ግጥም ኢሊያ በፉጨቱ ሰው የሚጥለውን ሽፍታ ሶሎቬይን ቀኝ ዓይኑን በቀስት ወግቶ፣ እርካቡ ላይ አስሮ ኪየቭ ያመጣዋል። የኪየቭ ልዑል ቭላዲሚር ሽፍታውን ‹እስቲ አፏጭልኝ› ሲለው፣ ‹ዛሬ ምሳ የበላሁት ካንተ ዘንድ አይደለም፤ የምሰማው ሽማግሌውን ኮሳክ ኢሊያን ነው› አለው። የ10ኛው ክፍለ ዘመን ልዑል ፊት ኮሳክ ተብሎ የሚጠራ ጀግና! ኮሳኮች የመጡት ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ነው። የምን አጥንት ነው እንዲህ ያለውን ሰው የሚይዘው?»

ወጣቱ «ያው የልዑሉ ታማኝ አሽከር ነው» ብሎ ሊያልፈው ሲል አላስጨረሰችውም። «ታማኝ? ቭላዲሚር ግብዣ ሲደግስ ሳይጠራው ቢቀር እኮ የአብያተ ክርስቲያናቱን የወርቅ ጉልላት በቀስት እየመታ አውርዶ፣ ከከተማው ድሆች ጋር መጠጥ ቤት ገብቶ ጠጣበት።»

እኔ በአጥንቱ ጉዳይ የምፈርደው ለጋሼ ነው። የላሶታ ማስታወሻ ባይኖር ኖሮ የወጣቱ ነገር ያስኬድ ነበር፤ ሁለት መቃብር ያየ የዓይን ምስክር እያለ ግን አያስኬድም። የአከርካሪው ሕመምም አይረዳውም፦ ኢሊያ 33 ዓመት ተቀምጦ መንገደኞች አጠጥተው አዳኑት የሚለው ክፍል ከሌሎቹ ዘግይቶ የተመዘገበና በአብዛኛው እንደ ተረት የሚወራ እንጂ የሚዜም አይደለም። በዚያ ላይ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። መንገደኞቹ መጀመሪያ ባጠጡት ጊዜ ጉልበቱን ሲጠይቁት «ከምድር እስከ ሰማይ ምሰሶ ቢቆምና ቀለበት ቢኖረው ምድርን እገለብጣት ነበር» አላቸው። በዛ አሉና ዳግም አጠጥተው ግማሹን ቀነሱበት። እንደ ግዙፉ ስቭያቶጎር ምድር መሸከም እንዳያቅታት ነው። ይህን የፈጠረ ሰው የወገብ ሕመምተኛ ታሪክ እየተረከ አልነበረም።

በሦስተኛዋ የምቃወማት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቃብር ፍለጋውን ከንቱ ማለቷ። መቃብሩ ባይፈለግ ኖሮ ቾቦትካና ጫማው ከነጭራሹ አይታወቁም ነበር። ኢሊያን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን እሷ እንዳለችው ከርያቢኒን ይጀምር። ሶሎቬይ በግማሽ ድምፅ አፏጭ ተብሎ ሙሉውን ያፏጨበት፣ ሰዉ የወደቀበት፣ ልዑሉም በካባው የተሸፈነበት ቦታ አለ። ከዚያ በኋላ ኢሊያ ሽፍታውን ሜዳ አውጥቶ አንገቱን ሲቆርጠው ማንንም አላስፈቀደም።