የዝናቡ ሀፍረት የማን ነው?

ክረምቱ ሲዘገይ በጎንደር አድባራት ምህላ ይያዛል። ምእመናኑ «በኃጢአታችን ነው» እያሉ እግዚኦታ ያደርሳሉ። እኔም አብሬ እላለሁ፤ በዚህ ትሕትና አልከራከርም። ነገር ግን የአየር ንብረት ለውጥ ሀፍረት በሙሉ የደምቢያ ገበሬ ትከሻ ላይ ሲጫን ዝም ማለት አልችልም።

ምድርን በዋናነት ያሞቃት የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅና የጋዝ ጭስ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ በዚህ ልቀት ያላት ድርሻ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ምን ብሎ ይናዘዝ? የንስሐ አባት ላልተሠራ ኃጢአት ቀኖና አይሰጥም።

የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የበደለውን ሁሉ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ (ሉቃ. 19፥8)። ያፈረ ሰው እንዲህ ያደርጋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ለአየር ንብረት ስምምነት ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ግን የአየር ንብረት ለውጥ ስለሚያደርሰው ጉዳትና ኪሳራ የተስማሙበት አንቀጽ ለተጠያቂነትም ለካሳም መሠረት እንደማይሆን በውሳኔያቸው ጻፉ። ከነሱ መካከል በክርስትናቸው የሚኮሩ ባለጸጎች አሉ። የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ ይቋቋም የተባለው እንኳ በ2022 እ.ኤ.አ. ግብፅ ሻርም አል ሼክ ላይ ነው። ተበዳዩን ምጽዋት ጠባቂ ማድረግ በደል ላይ በደል ነው።

የራሳችን ሀፍረት ደግሞ አለ፤ እሱን ለፈረንጅ ማሸከም አንችልም። የፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ ነው። ጥር 11 በረከት ብለን የተረጨነውን ወንዝ የቀረውን ዓመት ቆሻሻ እንደፋበታለን። ከተማዋ የምትጠጣው የአንገረብ ግድብም ከተራቆተው ተዳፋት በሚወርድ ደለል እየተሞላ ነው። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነበር (ዘፍ. 2፥15)።

በየገጠሩ አድባራት ዙሪያ ጥዱና ወይራው እስከ ዛሬ የቆመው ለምንድን ነው? የደብር ዛፍ መቁረጥ ነውር ስለሆነ ነው፤ ዘበኛ ብቻውን ያንን ሁሉ ዘመን አይጠብቀውም። ሰው ማፈሩ ደን አተረፈ። ቅጽሩን አልፎ አንድ እርምጃ ሲሄድ ግን ያው ሰው ያው መጥረቢያ ይዞ አያፍርም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ስለዚህ አባቶቻችንን በአክብሮት እለምናለሁ፦ ነውሩን ከቅጽሩ ውጭ አውጡልን። ለንስሐ ልጆቻችሁ ከስግደቱና ከጾሙ ጋር ከአንገረብ በላይ ባለው ተዳፋት ችግኝ መትከልን፣ ተክሎም እስኪጸድቅ ድረስ መንከባከብን ቀኖና አድርጋችሁ ስጡ። ቀሃ ላይ ቆሻሻ የሚደፋውንም በጥምቀት ዐውደ ምሕረት ላይ ገሥጹት።