ዒላማውን የጠበቀ ቃጠሎ

ዜና ላይ «ዒላማውን የጠበቀ የአየር ጥቃት» የሚል ነገር በሰማሁ ቁጥር ካምፍግሩፐ 100 ትዝ ይለኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የነበረ የጀርመን ቦምብ ጣይ ክፍል ነው። በ1940 (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ፈረንሳይ ውስጥ ከቫን ከተማ እየተነሳ እንግሊዝን ይደበድብ ነበር። የሚያበረው ሄንክል 111 የተባለ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነው።

ከሌሎቹ የሚለየው ኤክስ-ጌሬት በሚባል መሣሪያ ነው። ከምድር ቀጭን የሬዲዮ ጨረር ወደ ከተማው ይላካል፤ አብራሪው በጨለማ እሱን ይዞ ይሄዳል። ሌሎች ጨረሮች መንገዱን ያቋርጣሉ። 20 ኪሎ ሜትር ሲቀር አንዱን ያልፋል። አውሮፕላኑ ውስጥ ያሉት ቁልፍ ይጫናሉ፤ የመሣሪያው ሰዓት አንዱ ቆጣሪ መዞር ይጀምራል። 5 ኪሎ ሜትር ሲቀር ደግመው ይጫናሉ። ያኛው ይቆማል፣ ሌላው በሦስት እጥፍ ፍጥነት ይከተለዋል። ሲደርስበት ቦምቡ ራሱ ይወርዳል። ታች ማየት አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ታዲያ ለምን ዋለ? ኖቬምበር 14 ቀን 1940፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ የክፍሉ 13 አውሮፕላኖች ኮቨንትሪ የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ደረሱ። ሥራቸው እሳት መለኮስ ነበር፤ ከኋላ ለሚመጡት ከ400 በላይ አውሮፕላኖች መብራት እንዲሆን። እስኪነጋጋ ደበደቧት። ከ500 በላይ ሰው አለቀ። ከቅዱስ ሚካኤል ካቴድራል ማማውና ግድግዳው ብቻ ቀረ።

ከተማዋ የአውሮፕላንና የመኪና ፋብሪካ ነበራት፣ አልክድም። ግን ፋብሪካውና መኖሪያ ቤቱ አጥር ለአጥር ነው። እሳት ደግሞ አጥር አያውቅም።

የሚያናድደው ሌላው ነገር ይኼ ነው። ከዚያ ሌሊት 8 ቀን በፊት ከክፍሉ አውሮፕላኖች አንዱ እንግሊዝ ብሪድፖርት አጠገብ የባሕር ዳርቻ ላይ ወድቆ ነበር። የብሪታንያ የውሸት የሬዲዮ ምልክት አሳስቶት፣ ፈረንሳይ የደረሰ መስሎት። መሣሪያው በውስጡ ነበር። ምድር ጦሩ «የእኔ ነው» አለ። ባሕር ኃይሉ «ውኃ ውስጥ ስለሆነ የእኔ ነው» አለ። እነሱ ሲጨቃጨቁ ማዕበሉ መጣና አሸዋ ሞላው። በመጨረሻ አውጥተው ሲመረምሩት፣ የጀርመኑ ጨረር የሚያሰማው ድምፅ 2,000 ኸርዝ ሆኖ ተገኘ፤ ጨረሩን ለማደናቀፍ የተሠሩት የብሪታንያ ማወናበጃዎች ግን በ1,500 ነበር የተቃኙት። ማስተካከያው ለኮቨንትሪ አልደረሰም።

ክፍሉ በኋላ አድጎ ካምፍገሽቫደር 100 ተባለ። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1943 ፍሪትዝ ኤክስ በተባለ በሬዲዮ በሚመራ ቦምብ ሮማ የተባለችውን የጣሊያን የጦር መርከብ አሰመጠ። ከ1,200 በላይ መርከበኞች ሞቱ። እሺ፣ የጦር መርከብ ነው፤ «ዒላማ» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ያስኬዳል።

ኮቨንትሪ ግን ሌላ ነው። የናዚዎቹ ፕሮፓጋንዳ ራሱ ከከተማዋ ስም አዲስ ግስ ሠራ፦ ኮቨንትሪረን። ትርጉሙ ከተማን ማውደም ነው። ፋብሪካ መምታት አይደለም።